ቪትዜን ሸጬ ከፍ ያለ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? (ለቤተሰብ፣ ለቡታጅራ መንገድ)

የመስቃኑ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። 2007 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ ባለ 1000 ሲሲዋ። ስድስት ዓመት ነዳኋት፣ አንዴ ሳር ቤት ላይ ባትሪ ጨርሳ ካስገፋችኝ በስተቀር ክፉ አላየሁባትም። ከተማ ውስጥ ለኔ ከሷ የሚሻል የለም፣ ፓርኪንግ አታስቸግር፣ ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በወር አንዴ አንዳንዴም ሁለቴ እናቴን ልንጠይቅ ቡታጅራ እንወርዳለን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 ዓመቷ ልጄና የ3 ዓመቱ ትንሹ። ለመስቀልና ለአረፋ ሲሆንማ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከዓለም ገና ጀምሮ ሰልፍ፣ ሁሉም ቸኩሎ ሁሉም ደርቦ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከቲያ ወዲህ አንድ አይሱዙ ጭነት መኪና አውቶብስ ሊቀድም ደርቦ ፊት ለፊቴ መጣ። ጥሩምባ የለ መብራት የለ ዝም ብሎ ይመጣል። ዳሩ ሰፊ ሆነልኝ እንጂ፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቼ ቆምኩ። ማንም አልተነካም። ግን ባለቤቴ ከዛን ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ ስትገባ ታማትባለች፣ እኔም እውነት ለመናገር መሪ ስይዝ ያቺ የአይሱዙ ግንባር ትመጣብኛለች።

የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ፕራዶ ነው የሚነዳው፣ አሮጌ ናት ግን ይንከባከባታል። ቤት በመጣ ቁጥር "ቤተሰብህን በቆርቆሮ ጭነህ አገር አቋራጭ ትወጣለህ፣ ብረት ያለው መኪና ግዛ" እያለ ባለቤቴ ፊት ያዋርደኛል። እቁብ ሊወጣልኝ ነው፣ ቪትዟ ላይ ጨምሬበት የቆየ ራቭ4 ወይም የሱን ዓይነት ፕራዶ ልገዛ እችላለሁ። ነዳጁ ግን ያስፈራኛል፣ ቪትዟ ደርሶ መልስ ወደ 260 ኪሎ ሜትሩን በ17 ሊትር ትጨርሰዋለች፣ ራቭ4 ያለው ጓደኛዬ 30 ሊትር ነው የሚለኝ፣ ለፕራዶውማ ጠይቄም አላውቅ። እውነት ትልቅ መኪና ሰው ያድናል ወይስ ልብ ነው የሚያሳርፈው? ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ስድብ አልፈልግም እሱ ቤት ውስጥ ሞልቶኛል።

ዲዛየር ላይ ያለ፦

አቦ ወንድሜ እንዳትሸጣት። እኔ በዲዛየር ነው የምሠራው፣ ነዳጅ ለመቅዳት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ሰልፍ የያዝኩባቸውን ቀናት አልቆጥርልህም፣ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፣ ትልቅ መኪና ማለት ተጨማሪ ልጅ ማሳደግ ማለት ነው። ግን ልዋሽህ አልችልም፣ አንዴ ኮንትራት ይዤ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ ሲኖ ትራክ በጎኔ ባለፈ ቁጥር መኪናዋ ትወዛወዛለች፣ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ነው የደረስኩት። ሲመለሱ በነፃ ልመልሳችሁ ቢሉኝ እንኳን አልሄድም ነበር ማለቴ በነፃ እኔ ነኝ የምመልሳቸው በቃ ገብቶሃል። ማታ እንዳትሄድ ብቻ። የተበላሸ አይሱዙ መብራት ሳይኖረው መሀል አስፋልት ቆሞ፣ ሹፌሩ ድንጋይ ደርድሮ፣ ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን ትቶልህ ይሄዳል።

ደላላው፦

ቪትዟ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች? ቦሎ አላት? በውስጥ መስመር አናግረኝ ዛሬውኑ ገዢ አለኝ።

ፕራዶ አለኝ፦

ሰው ሁሉ ነዳጅ ነዳጅ ይላል፣ ነፍስ በሊትር አትለካም። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ከዝዋይ ወዲህ ከአንድ ኮሮላ ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቻለሁ፣ ደርቦ የመጣው እሱ ነው። ከመኪናው በእግሬ ወረድኩ፣ ደረቴ ላይ ቀበቶው ያሰመረው ሰንበር ብቻ ነው የቀረኝ። ቪትዝ ውስጥ ብሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍልህም ነበር። አማችህ የሚናገረው በጥላቻ አይደለም፣ ያውቃል። ራቭ4 አይደለም ፕራዶ ግዛ፣ ከቻልክ ኮብራ ላንድክሩዘር።

ሒሳብ ወዳድ፦

ፕራዶ አለኝ ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ኮሮላው ውስጥ የነበሩትስ?

ፕራዶ አለኝ፦

ሹፌሩ አልተረፈም። አትጠይቀኝ።

ሒሳብ ወዳድ፦

ይቅርታ፣ ልነካህ ፈልጌ አይደለም። ግን ጥያቄው እዛ ላይ ነው ያለው፣ እስቲ በቁጥር ላሳያችሁ፣ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው ማንም አይፍራ።

ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲላተም ሰውን የሚገድለው ፍጥነቱ በዛች ቅጽበት በስንት ተቀየረ የሚለው ነው። ቪትዟን 1 ቶን፣ ፕራዶውን ከነሰው 2.5 ቶን እንያዝ፣ ሁለቱም በ60 ኪሎ ሜትር ይሂዱ፣ ተጋጭተው ተጣብቀው ይቅሩ። ከባዱ ቀላሉን እየገፋ በ26 ገደማ ወደራሱ አቅጣጫ ይሄዳል። ፕራዶው ውስጥ ያለው ሰው ከ60 ወደ 26 ወረደ፣ ለውጡ 34 ነው። ቪትዟ ውስጥ ያለው ግን ከ60 ቆሞ እንደገና በ26 ወደ ኋላ ተወረወረ፣ ለውጡ 86። እና አማችህ ልክ ነው፣ ሐሳቡ ከቪትዝ ጋር ለመጋጨት ከሆነ።

አሁን የኛ መንገድ ላይ ያለውን እናስገባ። ሲኖ ትራክ አሸዋ ጭኖ 35 ቶን ነው እንበል፣ ሕዝቡ ቀይ ሽብር ብሎ ስም ያወጣለት ያ ቀዩ። ያው በ60። ቪትዟ ውስጥ ያለው ሰው ለውጥ 117 ይሆናል። ፕራዶው ውስጥስ? 112። አምስት ኪሎ ሜትር ነው ያተረፍከው፣ በስንት ሚሊዮን ብር። መካከለኛው አይሱዙ ከነጭነቱ 8 ቶን ቢሆን ቪትዝ 107፣ ፕራዶ 91፣ እሱ ላይ ትንሽ ልዩነት አለ አልክድም፣ ግን በ91ም ቢሆን ስለ መትረፍ መጸለይ ነው።

ቀላል ሒሳብ ነው፣ የመኪናው አፍንጫ ስንት ሴንቲ ሜትር ታጠፈ፣ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ቅርጹን ያዘ ወይስ ተጨመደደ የሚለው አልገባበትም። እሱ ደግሞ የዲዛይን ጉዳይ ነው የክብደት አይደለም። ዛፍ ወይ የድልድይ ግንብ ብትመታ ክብደትህ ምንም አይሠራልህም፣ ይዘኸው የመጣኸውን ጉልበት ራስህ ነህ የምትበላው።

ሌላው፣ ዓለም ገና ላይ ፖሊስ የሌለ ሲመስለን የምንረሳው፣ ከ60 ወደ 40 ብትወርድ የግጭቱ ጉልበት ከግማሽ በታች ይሆናል። ይሄ በነፃ ነው፣ እንዲያውም ነዳጅ ያተርፋል።

ጋራዥ ያለው፦

ሒሳብ ወዳዱ ጥሩ አስረድቷል፣ እኔ ከመኪና ስር ሆኜ የማየውን ልጨምር። ሰው ፕራዶ ሲል አዲስ ፕራዶ ነው በጭንቅላቱ ያለው። አንተ በእቁብህ የምትገዛው ግን 20 ዓመት ያለፈው ነው፣ ምናልባትም አንዴ ተገልብጦ ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ሻንሲው ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ የሚያበራ። ብረቱ ወፍራም ነው ትላለህ፣ ብየዳው ላይ ግን እንደ ብስኩት ነው። ስንቱን እኔ ራሴ አንስቼው አይቻለሁ።

ኤርባጉስ? አንዴ የፈነዳ ኤርባግ መተካት ውድ ስለሆነ ክዳኑን አጣብቀው፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን መብራት ገመዷን ነቅለው ይሸጡልሃል። ቁልፍ ስትከፍት የኤርባግ መብራት በርታ ብላ ከትንሽ ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት፣ ጭራሽ ካልበራች ጠርጥር። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ባሩዱ እየተበላሸ ሲፈነዱ ብረት እንደ ጥይት ይተፋሉ፣ በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መኪና ተጠርቷል፣ ያሪስና ኮሮላም አሉበት። ስለዚህ ቪትዝህንም በሻንሲ ቁጥሯ አጣራ፣ ትንሽ ስለሆነች ብቻ አልራራላትም።

ረጃጅሞቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቁመታቸው ከፍ ስላለ በድንገት መሪ ስትሰብር ይገለበጣሉ። አንተ ያን ቀን ወደ ጠጠር የወጣኸው በቪትዝ ነው፣ ተንሸራተትክ ቆምክ። ጣሪያው ላይ ሁለት በግና አንድ ኩንታል የጫነ አሮጌ ፕራዶ ይዘህ ያንኑ ብታደርግ እርግጠኛ አይደለሁም። አዳዲሶቹ ላይ መንሸራተትን በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሲስተም አለ፣ በኛ እቁብ የሚገዛው ላይ ግን በብዛት የለም ወይ መብራቱ በርቶ ዓመቱ ነው።

ቪትዟን የምፈራላት የቆመ ጭነት መኪናን ከኋላ ከመታች ነው። አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ነው፣ የአይሱዙው ስፖንዳ ልክ መስታወቷ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ከስሩ ትገባለች። ስለዚህ ማታ አትሂድ የሚለው ልጅ እውነቱን ነው።

ከመሸጥህ በፊት ግን ሦስት ነገር እይ። የፍሬን ሸራህን፣ ሾክህን፣ ጎማህን። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለች፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት የኋለኞቹ ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ። ጥርሱ አላለቀም ብለህ አትታለል፣ ላስቲክ ዓመት ሲቆጥር እንደ ዳቦ ይደርቃል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ይሄ ክርክር ከኔ ዕድሜ በላይ ነው፣ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ይጀምራል። በ1975 መንግሥት መኪኖች በጋሎን ይሄን ያህል ማይል መሄድ አለባቸው ብሎ ሕግ አወጣ፣ የዛን ጊዜ የተቃወሙት ሰዎች መኪና ካነሰ ሰው ያልቃል ነበር የሚሉት። ሕጉ ግን ለፒክአፕና ለመሰል መኪኖች ላላ ያለ ነበር፣ ኩባንያዎቹም በዛች ቀዳዳ ገቡና የቤተሰብ መኪናውን ሁሉ ከፍ ከፍ እያደረጉ መሸጥ ጀመሩ። አሁን ሃይዌይ ላይ ሴዳን ይዘህ ስትወጣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥክ ይመስልሃል፣ ፊትህ ያለው የፒክአፕ ጎማ ነው። ጎረቤት ትልቅ ስለገዛ አንተም ትገዛለህ፣ አንተ ስለገዛህ ሌላው ይጨምራል።

የመስቃኑ ልጅ ይቺን ስማ። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሠራ አይ አይ ኤች ኤስ የሚባል ተቋም አለ፣ መኪና እያጋጨ የሚፈትን። በ2009 ትንንሾቹን ከዛው ካምፓኒ መካከለኛ መኪና ጋር ፊት ለፊት አጋጫቸው፣ ስማርትን ከመርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ሆንዳ ፊትን ከአኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስን ከካምሪ፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር። ያሪስ ማለት ያንተው ቪትዝ ናት፣ ያው ሞዴል። ሦስቱም ትንንሾች በዛ ፈተና መጥፎ የሚለውን ውጤት አገኙ። የሚገርመው ብቻቸውን ከግድግዳው ጋር ሲፈተኑ ጥሩ ብለዋቸው ነበር። ስለዚህ ክብደት ምንም አይደለም የሚል ሰው ካለ ይሄን ያየ አይደለም። ደግሞ ልብ በል፣ ካምሪ ጂፕ አይደለችም፣ በክብደት ትንሽ ከፍ ማለት ብቻ ብዙ ለውጧል።

በዛው ዓመት ግን ሌላም አጋጩ፣ የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ማሊቡ ጋር። ቤል ኤር ያ ረጅም ክንፍ ያለው፣ አባቶቻችን "የድሮ ብረት" የሚሉት ዓይነት ነው። ቪዲዮውን ፈልገህ እይ። የድሮው መኪና የሹፌር ቦታ እንደ ወረቀት ተጨመደደ፣ አዲሱ ውስጥ በሰው ፋንታ የተቀመጠው አሻንጉሊት እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ነው ያገኘው። ለአማችህ በቴሌግራም ላክለት።

አሁን ራሴን ላጋልጥ፣ ለብዙ ዓመት ፕሪየስ ነዳሁ፣ ኡበር የሠራሁትም በሷ ነው፣ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ባለቤቴ አሸነፈችኝና ሃይላንደር ገዛን። ከፍ ብለህ ስትቀመጥ ደስ ይላል አልክድህም።

አንድ ነገር ግን ልብህ ውስጥ ያዝ። ጽሑፍህ ውስጥ የ3 ዓመቱ ልጅ የት እንደሚቀመጥ አልነገርከንም። ከዚህ ሰው ሲመጣ ጫማና ቫይታሚን አታስመጣ፣ የልጅ ወንበር አስመጣ፣ በተራ ቀበቶ ይታሰራል። እዚህ ያለ ወንበር ልጅህን ይዘህ ከሆስፒታል አያስወጡህም፣ አገር ቤት ስንሄድ ግን እኛው ራሳችን ልጃችንን ታቅፈን ጋቢና ነው የምንቀመጠው፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ሒሳብ ወዳድ፦

በዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልጨምር ከዛ ዝም እላለሁ። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት ጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው ከእቅፍ የሚወጣው። እናት ብትሆን፣ ምን ብትወደው፣ ክንድ አይችለውም።

የጀሞ እናት፦

ወንዶቹ ስለሚነዱት መኪና ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ መኪና የለኝም። ልጆቼን በእግር ነው ትምህርት ቤት የማደርሳቸው። እዚህ አዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ቪትዝም ፕራዶም ውስጥ አይደለም ያለው። የኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ቪ8 አለው፣ ጨዋ ሰው ነው ሰላምታም አያስቀርም፣ ግን ሞተር ሲያስነሳ ልጆቼን በስም እየጠራሁ ነው የምሰበስባቸው፣ ምክንያቱም የ5 ዓመቱ ልጄ ከኮፈኑ በታች ነው ቁመቱ። ፊቱ ቆሞ እጁን ቢያውለበልብለት አያየውም። አንዳንዱ ደግሞ እሱ አልበቃ ብሎት ፊቱ ላይ የብረት አጥር ያስገጥምበታል፣ ምን ሊዋጋበት እንደሆነ እንጃ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

እህቴ እውነትሽን ነው፣ እዚህም ተጠንቷል። ያው ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ በታች ከሆነ ዝቅተኛ መኪኖች ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዝቅ ያለው እግር ይመታል፣ ሰውየው ኮፈኑ ላይ ይወድቃል። ከፍ ያለው ደረትና ጭንቅላት ነው የሚያገኘው። ሃይላንደር ገዛሁ ያልኩት ሰው ነኝ እንግዲህ።

ኤሌክትሪክ ይዣለሁ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ወንድሜ የነዳጅ መኪናን ተወው፣ በኛ አቆጣጠር በ2016 መንግሥት እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የምትገዛው ሁሉ እርስ በርስ የሚዞር አሮጌ ነው። እኔ የቮልስዋገኗን አይዲ4 ነው የምነዳው፣ ለነዳጅ የማወጣው ዜሮ፣ ክብደቷ ከ2 ቶን በላይ ነው ባትሪው ከስር ስለሆነ በቀላሉ አትገለበጥም፣ አዲስ ስለሆነች ኤርባጉም ሁሉም ያላት። ቡታጅራ ደርሶ መልስ ቤት ቻርጅ አድርገህ ከወጣህ ትመልስሃለች። የማትመችህ ዋጋዋ ብቻ ናት። ደግሞ ትንሽ ናት ብለህ አዲሶቹንም በጅምላ አትፍራ አትመን፣ መኪና እያጋጨ የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ በፈረንጅ በ2020 ኤስፕሬሶን ሲፈትናት ዜሮ ኮከብ ነው ያገኘችው፣ በ2024 አዲሷ ዲዛየር ደግሞ ለአዋቂ 5 ኮከብ አገኘች፣ ሁለቱም ትንንሽ ሁለቱም ሱዙኪ።

ዲዛየር ላይ ያለ፦

የኔዋ አሮጌዋ ናት አይደል? በቃ ተወው አትንገረኝ።

ፕራዶ አለኝ፦

ያልኩትን አልመልስም፣ ከመኪናው በእግሬ ወርጃለሁ። ግን የኮሮላው ሹፌር ቀበቶ አላሰረም ነበር፣ ይሄን አልጻፍኩም ነበር አሁን ልጻፈው።

የመስቃኑ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስት ቀን እያነበብኩ ነበር። ልጁ የት ይቀመጣል ላላችሁኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጋቢና እናቱ ጭን ላይ ነበር። ትልቋ ከኋላ ቀበቶ የላትም፣ የላትም ስል መኪናዋ ላይ ያለ መስሎኝም አያውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ስገዛት ደላላው ያስለበሰልኝ የወንበር ልብስ ሁሉንም ሸፍኖታል። ትናንት ማታ በምላጭ ቀደድኩት። ከስር ሦስቱም የቀበቶ መቆለፊያ እንደ አዲስ ቁጭ ብለዋል፣ አብረው የመስቀል ቆሎ፣ ሁለት የ1 ብር ሳንቲምና ልጄ ጠፋ ብላ ያለቀሰችበት የፀጉር ማስያዣ ወጡ። ወንበሩን ከስቶክሆልም የአጎቴ ልጅ ጥር ላይ ስትመጣ ይዛ ትመጣለች።

መኪናውን ለጊዜው አልሸጥም። እቁቡ ሲወጣ አራት ጎማና ሾክ፣ የቀረውን እናስቀምጥና ወይ ከፍ ያለች አዲስ ኤሌክትሪክ ወይ ምንም። ከሰዓት በኋላ ከቡታጅራ መነሳት ቀርቷል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥተን በጊዜ እንገባለን፣ ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ የወደደችው እሱን ነው።

ጎማዬ ላይ ያለው ቁጥር 1314 ነው የሚለው። ጋራዥ ያለው ወንድሜ፣ አትስደበኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።

አዎ ደግሞ፣ እሁድ ምሳ ላይ የአማቼን ፕራዶ ጎማም ጎንበስ ብዬ አየሁት። 4011 ይላል። ቪዲዮውንም አሳየሁት፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ሊቀይር ነው፣ ግን ለሰው እንዳትነግር ብሎኛል።

ደላላው፦

ፕራዶውስ አይሸጥም?